ብዕር ይዛችሁ የምታነቡት መጽሐፍ፦ የጆንስተን የፊደል አጣጣል መመሪያና አብረውት ቢነበቡ የምላቸው

ፊደልን በእጅ አሳምሮ መጣል የሚፈልግ ሰው የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ኤድዋርድ ጆንስተን በ1906 ለንደን ላይ ያሳተመው «ራይቲንግ ኤንድ ኢሉሚኔቲንግ ኤንድ ሌተሪንግ»። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አዎ፣ የእንግሊዝ መጽሐፍ ነው። የሚያስተምረው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ዕድሜውም ከመቶ ዓመት አልፏል። ግን የቁም ጽሕፈት መማር ለሚፈልግ አማርኛ አንባቢም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ገበያ ላይ ያሉትን የካሊግራፊ መጻሕፍት ያየ ሰው ያውቃቸዋል። ሽፋናቸው ያምራል፣ ወረቀታቸው ያብረቀርቃል፣ ውስጣቸው ግን ከኤ እስከ ዜድ የተደረደረ ናሙና ነው። ፊደሉ በነጥብ ነጥብ ተሠርቶ ይቀርብላችኋል፣ እናንተ በላዩ ላይ እየሄዳችሁ ትገለብጡታላችሁ። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ዓይነት አጣጣል ይታጨቃል፤ ሁሉንም ነካክታችሁ አንዱንም ሳትይዙ መጽሐፉ ያልቃል። ይህ የላቲን ፊደል ለሚጽፈው ሰው እንኳ ብዙ አያራምድም። ለእኛ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ የሚገለበጠው ናሙና የእኛ ፊደል አይደለማ።

ጆንስተን የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የፊደሉን መልክ ሰጥቶ አይሄድም፤ መልኩ ከየት እንደመጣ ነው የሚያሳየው። ብዕሩ እንዴት ተቆረጠ? ጫፉ ምን ያህል ይሰፋል? እጅ ላይ በምን ማዕዘን ተያዘ? እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ራሱ ቦታውን ይይዛል። ወፍራሙን በኋላ እየሞላችሁ አትቀቡትም። ብዕሩ ነው የሚሰጣችሁ። ይሄ ደግሞ ለላቲን ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሰፊ ጫፍ ባለው ብዕር ለተጻፈ ፊደል ሁሉ ይሠራል። የእኛ ፊደል ደግሞ በመቃ ብዕር ያደገ ነው።

ስለ ሰውየው ትንሽ። ጆንስተን በ1872 ኡራጓይ ውስጥ ተወለደ፣ ወላጆቹ ግን የስኮትላንድ ሰዎች ናቸው። ኤዲንብራ ላይ ሕክምና መማር ጀምሮ ነበር፤ ጤናው እንቢ አለውና ተወው። በ1898 ለንደን ሄዶ ዊልያም ሌተቢን አገኘ። ሌተቢ ሴንትራል ስኩል የሚባለው የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ሲድኒ ኮከሬል ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቶ የትኞቹን የብራና መጻሕፍት ማየት እንዳለበት ጠቆመው። በዚያን ጊዜ ሰፊ ጫፍ ባለው ብዕር የመጻፍ ሙያ እንግሊዝ አገር ተረስቷል ማለት ይቻላል። እጁን ይዞ የሚያስተምረው ሰው ስላልነበረ ጆንስተን ሙያውን ከብራናዎቹ ላይ ለቅሞ ነው ያወጣው፤ እያንዳንዱን ፊደል እያየ፣ ይሄ መስመር ከየት ጀመረ፣ ወዴት ሄደ፣ ብዕሩ የት ላይ ተነሳ እያለ። በ1899 ማስተማር ጀመረ። በኋላ በፊደል ቅርጽ ሥራው ታዋቂ የሆነው ኤሪክ ጊል ተማሪው ነበር።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ያኔ እዚያው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያሉት፤ ወደ 350 ገደማ ናቸው። ጆንስተን በሠራበት ቤት፣ በዚያው ዘመን፣ የጎንደር ጸሐፊዎች በመቃ የጣሉት ፊደል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ስለነሱ ምንም የለም። ያን መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር ይሄ ይቆጨኛል። እሱ ለላቲኑ ያደረገውን ለእኛም ፊደል ያደረገ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚኖረው መመሪያ ሌላ ነበር።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ስለ ጽሕፈት አመጣጥ አጠር ያለ ምዕራፍ ካስቀደመ በኋላ በቀጥታ ወደ መሣሪያ ይገባል። የሚገርመው ለጀማሪ የሚመክረው የመቃ ብዕር ነው። ትልቅ ትልቅ ጽፋችሁ፣ ጥፋቱም ልማቱም ፊት ለፊት እንዲታያችሁ። አቆራረጡን በሥዕል ያሳያል። መቃው በሰያፍ ይቆረጣል፣ ከውስጥ ያለው ለስላሳው ነገር ተፍቆ ይወጣል፣ ጫፉ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በስለታም ቢላ አንድ ጊዜ ቀጥ ተደርጎ ይከረከማል። ቀለም እንዲይዝም ከሥሩ የታጠፈች ስስ ብረት ትገባለች። ብዕሩ ቀለም ውስጥ አይነከርም። በግራ እጅ ብሩሽ ትይዛላችሁ፣ በብሩሹ ቀለሙን ለብዕሩ ትመግባላችሁ። ለዚህች ምክር ብቻ ምስጋና ይገባዋል፤ ነክሮ መጻፍ መጀመሪያው ፊደል ላይ ዱብ ያለ ቀለም ትቶ ይሄዳል፣ በብሩሽ የተመገበ ብዕር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው።

ጠረጴዛውም ያዘነበለ እንዲሆን ይፈልጋል። የሚጻፍበት ከፍታ ቋሚ ነው፤ መስመር ባለቀ ቁጥር እጅ ወደ ታች አይወርድም፣ ወረቀቱ ነው ወደ ላይ የሚገፋው። የእኛ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለሚጽፍ ይሄንን ነገር በሌላ መንገድ ነው የፈታው። ሁለቱንም ሞክሩ። እኔ የጠረጴዛው ይስማማኛል።

መቃ የሚገኝበት አካባቢ ያላችሁ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፤ ቀርከሃም ይሆናል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ፓይለት ፓራለል ፔን የሚባለውን ግዙ። ከ1.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ በተለያየ ስፋት ይሸጣል፣ ለመማር የ3.8ቱ ደህና ነው። ጫፉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጆንስተን የሚለውን ሁሉ ይሠራል።

አሁን ዋናው ነገር። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት የብዕር አያያዝ አለ። አንደኛው ቀጥ ያለው ነው፤ የብዕሩ ጫፍ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ይሆናል። ወደ ታች ስትስቡት ሙሉ ውፍረቱን ይሰጣል፣ ወደ ጎን ስትስቡት ክር የሚያህል ቀጭን መስመር ይወጣል። ሁለተኛው ዘመም ያለው ነው። ጆንስተን ለጀማሪ የሚያቀርበው ክብ ክብ የሚለው የጥንት አጣጣል በቀጥታው የሚጻፍ ነው። የዛሬዎቹ የላቲን ካሊግራፊ መምህራን ግን ባብዛኛው የሚጀምሩት በዘመሙ ነው፤ ጆንስተንም ራሱ በኋላ ወደዚያ ሄዷል። እኛ ግን በቀጥታው ላይ እንቆይ። ለምን? የእኛን ፊደል እዩት። የ«በ» ሁለት እግሮች ወፍራም ናቸው፣ ጣሪያዋ ቀጭን ነው። የ«ተ» ቋሚው ወፍራም ነው፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። ይሄ የቀጥታው ብዕር ሥራ ነው።

እስቲ «ዐ»ን እንጻፍ። ብዙ ሰው እንደ ዜሮ አንድ ጊዜ ያዞረዋል። በሰፊ ብዕር እንደዚያ ካደረጋችሁ ወደ ላይ ስትገፉ ብዕሩ ይንተባተባል፣ ወረቀቱን ይቧጥጣል፣ ቀለም ይረጫል። ጆንስተን ለላቲኑ «ኦ» ያስተማረውን አድርጉ። መጀመሪያ ከላይ ተነስታችሁ የግራውን ግማሽ ጨረቃ ወደ ታች ሳቡ። ብዕሩን አንሱ። እንደገና ከላይ፣ ከዚያው ከቀጭኑ ጫፍ ጀምራችሁ የቀኙን ግማሽ ጨረቃ ሳቡና ከታች አገናኙት። በቃ። ጎንና ጎኑ ወፍራም፣ አናቱና ሥሩ ቀጭን የሆነ «ዐ» ወጣላችሁ። ወደ ላይ የተገፋ አንድም መስመር የለም። አሁን «ወ»ን በዚያው መንገድ ሞክሩ፣ ቀጥሎ «ቀ»ን፣ ቀጥሎ «መ»ን። መጽሐፉ ስለነዚህ ፊደላት ምንም አላለም፤ ግን ያለው ከገባችሁ እጃችሁ ራሱ መንገዱን ያገኘዋል።

ትንሿ የኃምስ ቀለበት ግን ትፈትናለች። «ሌ»፣ «ቤ»፣ «ሴ» ላይ ያለችዋ። በሰፊ ብዕር ሙሉ ቀለበት ለማዞር ቦታ የለም፣ ትደፈናለች። እኔ የምሠራት በሁለት አጫጭር ጭረት ነው፣ በብዕሩ አንድ ጥግ። የፊደሉን ቁመት ደግሞ ከብዕሩ ስፋት አምስት ወይም ስድስት እጥፍ አድርጉት። ከዚያ ካጠረ ቀለበቶቹ ይታፈናሉ፣ ከዚያ ከረዘመ ፊደሉ ይከሳል።

የላቲኑ ሃያ ስድስት ፊደል ሲሆን የእኛ 33 በሰባት ነው፤ 231 ቅርጽ። ጀማሪ ይሄን ሲያስብ ይደነግጣል። ጆንስተን ላቲኑን እንደሚያደርገው በቤተሰብ ከፍላችሁ ከሄዳችሁ ግን ያን ያህል አይደለም። አንድ እግር ያላቸው እነ «ተ» እና «ገ» አንድ ቤት ናቸው። ሁለት እግሮቹ እነ «በ»፣ «ሰ»፣ «ከ»፣ «ዘ» አንድ ቤት። ሦስት እግሮቹ «ሐ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» ሌላ ቤት። ከዚያ ክብ ክብ የሚሉት። የአንዱን ቤት እግር በትክክል የሳበ ሰው የቤቱን ፊደላት አብዛኛውን ጨርሷል ማለት ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው ክፍል ግን ሌላ ነው። ጥሩ ፊደል ምን ምን ይኑረው የሚለው። ጆንስተን ሦስት ነገር ያስቀምጣል፦ መነበብ፣ ውበት፣ የራስ ጠባይ። በየሥሩ ሦስት ሦስት ነገር ይዘረዝራል። ለመነበብ ቀላልነት፣ ተለይቶ መታወቅና የተመጣጠነ መጠን ያስፈልጋሉ ይላል። መነበብን ከሁሉ በፊት ማስቀመጡን ልብ በሉ። ሙያው ጌጥ ነው ተብሎ በሚታሰብበት ዘመን አንባቢውን ነው ያስቀደመው።

ተለይቶ መታወቅ የሚለውን ወደ አማርኛ አምጡት። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ የካዕቡ ከእግሩ መሃል ትወጣለች፣ የሣልሱ ከእግሩ ሥር። አሁን የሠርግ ጥሪ ካርዶችን፣ የሱቅ ታፔላዎችን፣ የሙዚቃ አልበም ሽፋኖችን እዩ። ዲዛይነሩ ፊደሉን አሳምራለሁ ብሎ ጭረቷን ወደ መሃልና ወደ ታች መካከል ያደርጋታል፣ ወይም እግሩን ያሳጥርና ጭረቷ የምትቆምበት ቦታ ያሳጣታል። አንባቢው በግምት ነው የሚያነበው። «ሰ» እና «ለ» የሚምታቱበትንም አይተናል። ይሄ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። የፊደሉ ሥራ መለየት ነው፣ ካልለየ ምንም ያህል ቢያምር አልሠራም። ዲዛይን የሚማር ማንኛውም ልጅ ቢያንስ ይህንን ምዕራፍ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

የገጽ ኅዳግን በተመለከተም የሰጠው መለኪያ አለ። የውስጡ አንድ ተኩል፣ የላዩ ሁለት፣ የጎኑ ሦስት፣ የታቹ አራት። ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ መተው ማለት ነው። ይሄን ካነበባችሁ በኋላ አንድ የድሮ የብራና ዳዊት ገልጣችሁ ተመልከቱ። የእኛም ጸሐፊዎች ከታች ነው ሰፊውን የሚተዉት። አንባቢው መጽሐፉን የሚይዘው ከሥር ነው፣ አውራ ጣቱ ጽሑፉ ላይ ማረፍ የለበትም።

ጆንስተን በኋላ ለማስተማሪያ የመረጠው ናሙናም መዝሙረ ዳዊት መሆኑ ደስ ይለኛል። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር የተጻፈ፣ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ያለ፣ የራምዚ መዝሙር የሚሉት ነው። ከመጽሐፉ መጨረሻ ካሉት 24 የፎቶ ገጾች መካከልም አለ። ያንን ገጽ በትልቁ አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት አይቆጫችሁም።

ስለ ወርቅ አለባበስ፣ ስለ ሐረግና ስለ ኅብረ ቀለም ያለው ክፍል ረጅም ነው። ለምትፈልጉት ዝርዝሩ ሁሉ አለ፤ እኔ በፍጥነት ነው ያለፍኩት። ድንጋይ ላይ ፊደል ስለመቅረጽ ያለውን ምዕራፍ የጻፈው ኤሪክ ጊል ነው፤ አጭርና ግልጽ ነው። በነገራችን ላይ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር የተሳፈረ ሰው ሁሉ የጆንስተንን ፊደል አንብቧል። ፍራንክ ፒክ የሚባል ኃላፊ አዞት ነው የሠራው፤ ከ1916 ጀምሮ ጣቢያዎቹ ላይ አለ። በትንሿ የላቲን «አይ» (i) ላይ ያለችው ነጥብ ክብ ሳትሆን በማዕዘኗ የቆመች አራት ማዕዘን ናት። የብዕር ነጥብ ናት፤ ሰፊ ብዕር አስቀምጣችሁ ስታነሱት የሚተወው ምልክት። የእኛ የብራና መጻሕፍት ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦችም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ናቸው።

ጉድለቱስ? አለው። እንግሊዝኛው የድሮ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል። የግርጌ ማስታወሻው ብዛት ያሰለቻል፤ አንዱን ነገር ስታነቡ «ገጽ ይህን ተመልከት» ይላችኋል፣ እዚያ ስትሄዱ ደግሞ ወደ ሌላ ይልካችኋል። ወደ 500 ገጽ የሚሆን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ልጨርስ ካላችሁ ትሰላቻላችሁ። እንደዚያ አታንብቡት። የመሣሪያውን፣ የአጻጻፍ ዘዴውንና የጥሩ ፊደልን ምዕራፎች ውሰዱ፣ ብዕር ይዛችሁ ተቀመጡ፣ አንድ አንቀጽ አንብባችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ሌላው ይጠብቃል። ጀርመኖች ከዚህ መጽሐፍ ምን ያህል እንደተጠቀሙ ላሳያችሁ፦ አና ሲሞንስ የምትባል ተማሪው በ1910 ወደ ጀርመንኛ ተርጉማዋለች፣ እዚያ አገር የፊደል ሥራ ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። አማርኛ ላይ ቢያንስ እነዚያን ሦስት ምዕራፎች የሚተረጉም ሰው ቢገኝ፣ ናሙናውን በእኛ ፊደል ተክቶ፣ ውለታው ትልቅ ይሆናል።

ስለ መግዛቱ፦ የቅጂ መብቱ ዘመን አልፏል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የመጀመሪያው እትም ተነሥቶ በነፃ ተቀምጧል፤ ስልክ ላይ ማውረድ ይቻላል። ወረቀቱን የምትፈልጉ ዶቨር የሚባለው አሳታሚ በ1995 ያወጣውን ባለ ስስ ሽፋን እትም ፈልጉ። ከዚህ ውጭ በትእዛዝ እያተሙ የሚሸጡ ብዙ አሉ፤ ከነሱ አንዱን ገዝቼ የኋላዎቹ የፎቶ ገጾች ድፍን ጥቁር ሆነው ነው የደረሱኝ። ከመክፈላችሁ በፊት የውስጥ ገጹን ናሙና ጠይቁ። ፎቶዎቹ ካልታዩ መጽሐፉ ግማሹን አጥቷል።

ከጆንስተን ቀጥሎ ታሪክ ለሚወድ ሰው የኤድዋርድ ካቲች «ዘ ኦሪጅን ኦቭ ዘ ሰሪፍ» አለ። በ1968 የወጣ ነው። ካቲች አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የሚያስተምር ካህን ነበር፣ በልጅነቱ ግን ታፔላ መጻፍ ተምሯል። ሮም ለክህነት ትምህርት በሄደ ጊዜ በትራያን ዓምድ ሥር ያለውን በ113 የተቀረጸ ጽሑፍ በቅርብ መረመረ። የሮማ ፊደል ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ እግር (ሰሪፍ የሚሏት) የመጣችው ከመሮ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር፤ ድንጋይ ጠራቢው መስመሩን ሲጨርስ ጫፉን ለማስተካከል የሠራት ናት ይባል ነበር። ካቲች አይደለም አለ። ፊደሉ መጀመሪያ በጠፍጣፋ ብሩሽ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል፣ ብሩሹ ሲጀምርና ሲጨርስ በጣት መካከል ሲዞር ያችን እግር ይተዋል፣ መሮው የተከተለው የብሩሹን መንገድ ነው። ይህንን ለማየት የታፔላ ጸሐፊ እጅ ያስፈልግ ነበር። ምሁራኑ ጽሑፉን ስንት ዘመን አንብበውታል፤ ብሩሽ ይዞ ያደገው ሰው ግን እጁን አየው።

መጽሐፉ ከባድ ነው፣ በዝርዝር የታጨቀ ነው፣ ውድም ነው። ለጀማሪ አልመክርም። ግን በየከተማችን በጠፍጣፋ ብሩሽ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ሥራቸው እየቀነሰ ነው። የሚያውቁት ነገር የትም አልተጻፈም። «አ»ን በስንት የብሩሽ ጉዞ ነው የምትሠራው ብሎ የጠየቃቸው ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ካቲችን ያነበበ ሰው ያንን ለመጠየቅ ይነሣል፣ እኔን ያስደሰተኝም ይሄው ነው።

ወደ ራሳችን ስንመጣ የፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ «ቡክሜኪንግ ኢን ኢትዮጵያ» አለ። በ1981 ላይደን ላይ የታተመ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ስለ መጽሐፍ አሠራራችን፣ ከብራናው እስከ ጥራዙ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የታሪክ ምሁር የጻፈው ስለሆነ ልዩ ቦታ እሰጠዋለሁ። የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና እስኪሆን ያለው ድካም፤ ከጥላሸትና ከተቆላ እህል የሚዘጋጀው፣ ለወራት የሚቀመጠው ጥቁር ቀለም፤ በወስፌ እየተወጋና እየተሰመረ የሚዘጋጀው ገጽ፤ ለቅዱሳን ስም የሚያዘው ቀይ ቀለም፤ ከዚያ ገበታው፣ ጥራዙ፣ ማኅደሩ። ይህ ሁሉ ሙያ ዛሬም በገዳማትና በየደብሩ የሚሠሩ ሰዎች አሉት። ጆንስተን ከሞቱ ብራናዎች ቆፍሮ ያወጣውን እኛ ከሕያው ሰው ጠይቀን መማር እንችላለን። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው፣ እየቀነሰ ያለ ሀብት።

የመጽሐፉ ችግር በእንግሊዝኛ መሆኑና እንደልብ አለመገኘቱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ፣ በርካሽ፣ ከነሥዕሉ እንደገና መታተም ነበረበት።

የፊደላችን መልክ በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጠ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ዚግበርት ኡሊግ አለው። ትልቁ ሥራው በ1988 በጀርመንኛ ወጣ፤ በ1990 አጠር ያለ የእንግሊዝኛ መግቢያ ታትሟል። ለእኛ የሚሆነን እንግሊዝኛው ነው። የብራና ጽሑፎቹን በዘመን ከፋፍሎ እያንዳንዱ ፊደል በየዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። ጥንት ቀጥ ቀጥ፣ ጠንከር ጠንከር ይል የነበረው ፊደል ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ጉልሕ ወደሚባለው ትልቅና ሞላ ያለ አጣጣል ሲሄድ ታያላችሁ። ይህ መጽሐፍ ለተመራማሪ የተጻፈ ነው፤ ብዕር አያያዝ አይነግራችሁም። ግን ናሙና ለመምረጥ ዓይን ይሰጣል። አሥራ አራተኛውን ከአሥራ ስምንተኛው ጋር ቀላቅሎ በአንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ያጋጥማል፤ ኡሊግን ያየ ሰው ያንን አያደርግም።

እኔ የምመክረው ጉልሑን ነው። ትልቅ ነው፣ መስመሮቹ ይለያሉ፣ ከቀጥታው ብዕር ጋር ይስማማል። ናሙናውን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቫቲካን የኢትዮጵያ ብራናዎችን ፎቶ አንሥተው ድረ ገጻቸው ላይ ማስቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍትም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡትን በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይዟል፤ በነፃ ተመዝግባችሁ ብዙዎቹን ማየት ትችላላችሁ። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የቀዩ ቀለም ነገር አይታይም፣ ለፊደሉ ቅርጽ ግን ይበቃል። አንድ ግልጽ የሆነ የዳዊት ገጽ ምረጡ፣ አንዱን መስመር ብዕራችሁ በሚችለው መጠን አሳድጋችሁ አትሙ፣ ከሥሩ ጻፉ። እያንዳንዱ ፊደል ላይ የጆንስተንን ጥያቄ ጠይቁ፦ ብዕሩ ከየት ገባ፣ የት ላይ ተነሣ፣ ቀጥሎ የትኛው መስመር መጣ?

ኡሊግንም ሥርግውንም አዲስ አበባ ውስጥ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ጆንስተንን ግን ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ማውረድ ትችላላችሁ። መሣሪያውን የሚመለከተውን ምዕራፍ ክፈቱና መቃ ፈልጉ።